የጋሽ ሙዘይን ስም እና የፓርኩ ስም

በኦቴሎ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በልብስ ስፌት ሥራቸው ሁላችንም የምናውቃቸው፣ የእድራችን የቀድሞ ሊቀመንበር አቶ ሙዘይን ሸረፋ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ በቤታቸው አርፈዋል። ሱብሒ ሰግደው ትንሽ ጋደም ልበል እንዳሉ አልተነሡም። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ሻይ አፍልተው ሊቀሰቅሷቸው ሲገቡ ነው ያወቁት። በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ተቀበሩ። ዝናብ ነበር፤ የሲያትል ዝናብ መቼ ቀርቶ ያውቃል።

እኔ አስቴር የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። አባል ሲያርፍ የመታሰቢያ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሁላችሁም መላክ የጸሐፊዋ ሥራ ስለሆነ እስከ ዛሬ ብዙ ጽፌላችኋለሁ። ሁሉንም «ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ታታሪ ነበሩ» ብያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዱን ከአንዱ ወደ ሌላው ገልብጬ ነው። ይሄኛውን ግን መገልበጥ አልቻልኩም። በፓርኩ ስም ጉዳይ ጋሽ ሙዘይንን የተቀየማችኋቸው ሁሉ ስሙኝ፤ ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። የኔ ነበር። እሳቸው ስማቸው እንደጠፋ ሄዱ፣ እኔ ስሜን ይዤ ቀረሁ። ይህን ሳልናገር እሳቸውን ላመስግን ብል እጄ አይታዘዘኝም።

ሲያትል የገባሁት በዲቪ ነው። ዚፑ የተበጠሰ ሻንጣ ይዤ ይቀየርልኝ ብዬ ሱቃቸው ገባሁ። ጋሽ ሙዘይን ዚፑን እየቀየሩ የት እንደማድር ጠየቁኝ። መልሴ አልጣማቸውም መሰለኝ፣ ስልክ አንሥተው እትዬ ዘሃራ ጋ ደወሉ። አራት ወር እነሱ ቤት ኖርኩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በሁዳዴ እትዬ ዘሃራ የኔን ሽሮ ለብቻ ይሠሩልኝ ነበር። ሥራ እስካገኝ ድረስ ደግሞ ጋሽ ሙዘይን ሱቅ ውስጥ አስቀምጠው የሱሪ ጫፍ ማጠፍ አስተማሩኝ።

ጥሩ ሰፊ አልነበርኩም። ቸኩዬ እሰፋለሁ፤ ሲጣመም በላዩ እደግምበታለሁ። እሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩትና ክር መፍቻዋን ያቀብሉኛል። «በላዩ አትድገሚ፣ ፍቺው» ይላሉ። «በላዩ የደገምሽበት እንደሆነ ሲታጠብ ይናገራል።» አይታይም እኮ ጋሼ ስላቸው ለማን ነው የማይታየው ብለው ይስቁብኛል። መፍታት ከመስፋት ይልቅ ጊዜ ይፈጅ ነበር፤ ተቀምጬ እየተነጫነጭኩ እፈታለሁ።

ሱቃቸው ወረፋ አያጣም። ኢንተርቪው ያለበት ሰው ሱሪ ይዞ ከመጣ ግን ወረፋ አይጠብቅም፤ ቆሞ እያለ ይሰፋለታል። ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ ልጆች የሥራ ሱሪ ሲያመጡ፣ ጉልበቱ ላይ ከውስጥ ጨርቅ ደርበው ይሰፉላቸው ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ልጆቹም ብዙዎቹ ልብ ያሉት አይመስለኝም።

አንቲ ማሌያንም ያወቅኋቸው እዚያው ነው። አንቲ ማሌያ ዘራቸው ከሃዋይ ነው። አባታቸው በመርከብ ሥራ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት በዚህ ሰፈር ነው። አርጅተውም የሰፈሩን ልጆች የአገራቸውን ጭፈራ ያስተምራሉ። የጭፈራው ቀሚስ ወገቡ ላይ አራት መስመር ላስቲክ የሚገባበት ሰፊ ቀሚስ ነው፤ እሱን የሚሰፉላቸው ጋሽ ሙዘይን ነበሩ። የሃዋይ ልጆች ሁሉ፣ ዘመድ ይሁኑ አይሁኑ፣ «አንቲ»፣ አክስት እንደማለት፣ ይሏቸዋል። ጋሽ ሙዘይን ይሄ ነገር በጣም ደስ ይላቸው ነበር፤ እንደኛው ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠሩም ይሉኝ ነበር። አንቲ ማሌያም «ጋሼ» ማለት ለመዱ።

ከባቡር መስመሩ ጀርባ ያለውን፣ ለቅሶ ሲኖር መኪና ፓርክ እናደርግበት የነበረውን ባዶ መሬት ታውቁታላችሁ። የሃዋይ ቤተሰቦች የሚሰባሰቡበት የእንጨት አዳራሽ የነበረው እዚያ ነው። አንቲ ማሌያ የተዳሩት እዚያ ውስጥ ነው፤ ባላቸውም ሲሞቱ የተለቀሰው እዚያ ነው። አዳራሹ ፈረሰ፣ ቤተሰቦቹም ኪራዩ ሲከብዳቸው ወደ ሩቅ ከተሞች ተበተኑ። በኋላ መሬቱ ፓርክ ይሁን ተባለና የከተማው አስተዳደር ከነዋሪው በፊርማ የተደገፈ የስም ሐሳብ ጠየቀ። አንቲ ማሌያና የቀሩት ወገኖቻቸው «ኪፑካ» ይባልልን አሉ። በእነሱ አገር ከተራራው እሳት ሲፈስ ዙሪያውን አቃጥሎ ያልፍና መሃል ላይ ሳይነካው የሚተወው አረንጓዴ መሬት አለ፤ ኪፑካ የሚሉት እሱን ነው። ዛፉም ወፉም ከዚያ ተነሥቶ አገሩን መልሶ ይሞላዋል።

እኛ ደግሞ «ሐበሻ ፓርክ» አልን። ሐሳቡን በእድሩ ስብሰባ ላይ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ሐበሻ የሚባለው ማን ነው፣ እኛስ አለንበት ወይ የሚል ክርክር ተነሥቶ ሰዓቱን ጨረሰው፤ ታስታውሳላችሁ። ሁሉም ሲደክመው ጋሽ ሙዘይን እጃቸውን አወጡና ከኛ በፊት መሬቱ ላይ ማን እንደነበረ የጠየቀ ሰው አለ ወይ አሉ። እኔ ጥያቄያቸውን ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም።

ፊርማ ማሰባሰቡ በኔ ላይ ወደቀ። ከሐይቁ ማዶ ቤልቪው ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ ሰነድ የማጣራት ሥራ እሠራለሁ፤ ፎርም መሙላት ማን እንደኔ እያልኩ እኩራራ ነበር። ጊዜው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው በእጄ ያለው ፊርማ ጥቂት ነበር። ለሁላችሁም ደውያለሁ፤ ኦኬ አስቱ፣ ኮል አደርግልሻለሁ ትሉኛላችሁ፣ የሚደውል የለም። ያን ጊዜ ፋይሌን ሳገላብጥ የለቅሶ ወረቀቱን አገኘሁ። እድራችን ለቅሶ ላይ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ ያስፈርም የለ? በዚያው ሰሞን አንድ አባላችን አርፎ ስለነበር ሦስት ገጽ ሙሉ ፊርማ ነበረኝ። «በለቅሶው ላይ የተገኙ» የሚለውን ርእስ በነጭ ወረቀት ሸፈንኩት። በእንግሊዝኛ «ሐበሻ ፓርክ እንዲባል እንደግፋለን» ብዬ ጻፍኩበት፤ ስካን አድርጌም ላክሁት። ቢጠየቁ እምቢ የሚል ማን አለ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ደረሰልኝ ብዬም ደስ አለኝ፤ ይሄንንም አልደብቃችሁም።

ስሞቹን አላነበብኳቸውም ነበር። በሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ የአንቲ ማሌያ ስምና ፊርማ አለ።

ያን ለቅሶ ከጋሽ ሙዘይን ጋር መጥተው ደርሰዋል። ወረቀቱ እየዞረ ሁሉም ሲፈርም አይተው፣ ባህላችሁ ከሆነ ብለው እሳቸውም ፈረሙ። ከተማው የቀረቡለትን ማመልከቻዎች ለሕዝብ ሲያሳይ የገዛ ፊርማቸውን የራሳቸውን ሐሳብ የሚቃወም ሆኖ አገኙት። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። አንቲ ማሌያ ግን ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ ስፌት ሱቁ መጡ።

ጋሽ ሙዘይን አስጠሩኝ። ወረቀቱ ማሽኑ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሰው ሊቀብሩ የፈረሙትን ነው ለዚህ ያዋልሽው አሉኝ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። ቢጠየቁም እኮ ይፈርሙ ነበር አልኩ፤ የማይረባ መልስ። ከዚያ ደግሞ ቢሮዬን አሰብኩ፤ ሰነድ የምታጣራ ሴት ሰነድ አጭበረበረች ቢባል የሚሆነውን አሰብኩ፣ አለቀስኩ። እሳቸው አላባበሉኝም። «ፍቺው አስቱ» አሉኝ። «ከተማው ስሙን እስከሚወስንበት ስብሰባ ጊዜ አለሽ። አንቺው ሄደሽ ፍቺው።» እሺ ጋሼ ብዬ ወጣሁ። አልሄድኩም።

ስብሰባው ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ጋሽ ሙዘይን ለሱቅ የሚበቃ እንግሊዝኛ ነበራቸው። ያን ቀን ግን ተርጓሚ እፈልጋለሁ አሉና በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ያሉትን ሰምታችኋል፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሰማዋለሁ። «ያ ፊርማ የለቅሶ ፊርማ ነው። ለሞተ ሰው የተፈረመ ነው፤ ለፓርክ አይደለም። እድሩን የምመራው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ተረጎምኩት። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ በገዛ አፌ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ። እውነት ነበር፤ ግን እንደ እሳቸው ቃል ነው የተናገርኩት። ስጨርስ ጋሽ ሙዘይን ወዲያው አልተቀመጡም። ዞር ብለው አዩኝ፤ ቆዩ። እንግሊዝኛውን ስለሚያውቁ ትርጉሙን እየጠበቁ አልነበረም። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ልጨምር እንደሆነ ነበር የሚጠብቁት። ወለሉን አየሁ። እሳቸውም ቀስ ብለው ተቀመጡ። ማመልከቻችን ተሰረዘ፣ ፓርኩም ኪፑካ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሽማግሌው አሳፈሩን ተባለ፤ ለሃዋዮቹ ሸጡን ተባለ። ከሊቀመንበርነት እንዲወርዱ ስንወስን ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በሊቀመንበሩ ጥፋት ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። ምን ዓይነት እጅ ነው ይሄ እጅ? በዒድ ቤታቸው ሞልቶ ሰው በር ላይ ይቆም ነበር፤ ያን ዓመት እትዬ ዘሃራ የሠሩት ምግብ ለጎረቤት ታደለ ሲባል ሰማሁ። እኔ ራሴ በሱቁ ፊት ላለማለፍ አንድ ጣቢያ አልፌ እየወረድኩ በእግሬ እመለስ ጀመር።

ጋሽ ሙዘይን ለማንም አልተናገሩም። አንድ ቀን ብቻ፣ ከዚያ ሁሉ በፊት ገበሩ ይቀየርልኝ ብዬ የተውኩትን ካፖርት በሰው ላኩልኝ። መልእክት የለውም። ገበሩ ተቀይሯል። ጫፉን ሳገላብጠው፣ ድሮ እሳቸው ዘንድ ሳለሁ ራሴ የሰፋሁት፣ በላዩ የደጋገምኩት ጠማማ ስፌት ተፈትቶ እንደ አዲስ ተሰፍቷል። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ግን ተነሥቼ ሱቁ አልሄድኩም። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ከዒድ በኋላ አልኩ። ሱቁ ሰው ሳይኖርበት አልኩ። ሐሙስ ጠዋት ስልኩ ተደወለ።

በለቅሷቸውም ላይ ወረቀቱን ያዞርኩት እኔ ነኝ። አንድ ገጽ አልሞላም። አንቲ ማሌያ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ገቡ፤ እትዬ ዘሃራን አቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው እስክሪብቶውን ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አሉና ቆም አሉ። «ዛሬ ከላይ ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው፤ የአቶ ሙዘይን ሸረፋ ለቅሶ ይላል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ፈረሙ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ የጸሐፊነቱን መዝገብ ለኮሚቴው አስረክቤአለሁ። ያንን ቃለ ጉባኤ በነጭ ወረቀት አልሸፈንኩትም፤ የቀድሞው እንዲነበብ አድርጌ ከሥሩ ማን ምን እንዳደረገ በስሜ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ለከተማውም በስሜ ጽፌአለሁ፤ ቢሮዬም ከኔው ሰምቷል። የሚመጣው ይምጣ። እናንተ ደግሞ የፓርኩ መክፈቻ በዓል ቅዳሜ ነውና ኑ። መጀመሪያ ግን እትዬ ዘሃራ ቤት ሂዱ።

ጋሽ ሙዘይን፣ እርስዎ ፊት ቆሜ ልናገረው የሚገባኝን እርስዎ በሌሉበት ተናገርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የጠበቁት፤ ይኸው ይህን ሁሉ ጻፍኩ፣ ያቺን አንዷን ግን አይተካልኝም። ይቅር ይበሉኝ እንዳልል መልስዎን አልሰማውም። እትዬ ዘሃራ እርስዎ ሳይጨርሱት ከማሽንዎ ላይ የቀረውን፣ አንቲ ማሌያ ጭፈራ የሚያስተምሯቸውን ልጆች ቀሚስ ሰጥተውኛል። ሦስቱን መስመር ላስቲክ እርስዎ አስገብተዋል፣ አራተኛው ቀርቷል። ቅዳሜ ይለበሳል። ትናንት ተቀምጬ ሰፋሁት፤ ትንሽ ተጣመመ። ከውስጥ ስለሆነ ማንም አያየውም።

ይረፉ ጋሼ። እየፈታሁት ነው።