የባትሪ ድንጋይ እምቢልታ

ፊኛ ከማሸጊያው ሲወጣ የሚሸተው ሽታ አለ፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ጎማ፣ አዲስ ጫማም የሐኪም ጓንትም የሚመስል። ትናንት ከሰዓት አንዲት ሴት ለልጇ ልደት ፊኛ ልትገዛ ሱቄ ገባች። እሽጉን ስቀድላት ሽታው አፍንጫዬን ያዘኝና «ቀዩ ይሻላል ቢጫው?» እያለች ደጋግማ ስትጠይቀኝ አልሰማኋትም። ነጋዴ ደንበኛ ፊት ሲፈዝ ደግ አይደለም፤ ደንበኛው ወይ ዋጋ ያስቀንሳል ወይ ጎረቤት ሱቅ ይገባል። እሷ ግን አልሄደችም። ከኋላዬ፣ በቻርጀሮቹ መካከል ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ረጅም ቱቦ ቀና ብላ ታይ ነበር።

ወደሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ሽታው ልንገርህ። ለሌላው ሰው የልደት ሽታ ነው፤ ለእኔ የእምቢልታ ሽታ ነው።

አጎቴን ተከትዬ ከወሎ መቀሌ ስገባ ጢም ገና አላበቀልኩም ነበር። ሱቅ በደረቴ ነበርኩ። የስልክ ልባስ፣ ቻርጀር፣ ባትሪ ድንጋይ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገበያውን ስዞር እቆይና ፀሐይ ሲበረታ አንድ የቆርቆሮ ኪዮስክ ጥላ ሥር አርፋለሁ። ባለ ኪዮስኩ የእኔው እኩያ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጣቶቹ በመበየጃ የተጠባበሱ፣ ልብሱ የቀለጠ እርሳስ የሚሸት ልጅ። እኔ ትግርኛን በአማርኛ ጆሮ እሰማለሁ፤ እሱ አማርኛን በትግርኛ ጉሮሮ ይናገራል። ተግባብተናል ብለን ተስማምተን ነበር የምንኖረው።

የጠጋኙ አባት ከመቀሌ ወጣ ብላ ባለችው ቁሓ ይኖሩ ነበር። እኔም እንደ ልጃቸው «ኣቦይ» እላቸዋለሁ። እምቢልታ ነፊ ነበሩ። እምቢልታ እንደ ዋሽንት እንዳይመስልህ። ዋሽንት ቀዳዳ አለው፤ ጣትህን እያነሳህ እየጣልክ ብቻህን ትጫወተዋለህ። እምቢልታ ቀዳዳ የሌለው ረጅም ቱቦ ነው፤ አንዱ አንድ ድምፅ ነው ያለው፣ ቢበዛ ሁለት። ስለዚህ ሦስት ነፊ ይፈልጋል። አንዱ ሲነፋ ሌላው ይጠብቃል፣ እሱ ሲያርፍ ያኛው ይገባል፤ ዜማው ከሦስቱ ትንፋሽ መካከል ነው የሚወጣው። አንዱ ትንፋሽ ሲያጥረው ሁለቱ እስኪመለስ ተሸክመውት ይሄዳሉ። ብቻህን ከነፋኸው ግን ዜማ ሳይሆን የጠፋ በግ የሚጣራ ነው የሚመስለው።

ኣቦይ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ስንቱን ሠርግ አድምቀዋል። አንደኛው ሞቱ። ሌላው ጥርሳቸው ሲያልቅ ልጃቸው ጋር ራያ ወረዱ። ሦስቱ ቱቦዎች ኣቦይ ቤት ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለው ቀሩ።

ከዚያ የጠጋኙ ታናሽ እህት ታጨች። አንድ ቀን መበየጃውን አስቀመጠና፣ «አባቴ ምን አሉ መሰለህ» አለኝ። «የሰው ሴት ልጅ ሁሉ በእኔ እምቢልታ ወጣች፤ የእኔዋ በዝምታ ትውጣ? አሉ።»

«ሰው ይቀጠራላ።»

«የት አለ ሰው? ያለው ኪቦርድ ነው። እኛው እንሠራለን።»

«ምን?»

«ሁለቱን ሰው።»

ሳቅኩበት። ግን የሚሰበር ስልክ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል፤ ዕቃ አቀባዩ እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያው «ሰው» የተሠራው የመብራት ሽቦ ከሚያልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ፣ ከቀጭን ምላጭና ከቻይና የበር ደወል ነበር። ስትነፋ ትንፋሹ ምላጩን ገፍቶ ሽቦ ያስነካዋል፣ ደወሉ ይጮኻል። ጮኸም። እንደ ወፍ። ኪዮስኩን ያከራዩት ሴትዮ በነፋን ቁጥር «ማነው?» እያሉ ይወጡ ጀመር፤ በኋላ ደወሉን ጥለን እሳቸውን ብንነፋ ይሻላል አልኩት። አልሳቀም። ሥራ ላይ አይስቅም ነበር።

ሁለተኛው በሞተ ስልክ ማይክ ተሠራ። ማይኩ ትንፋሹን ይሰማል፣ ሳጥን ውስጥ ያለው ስፒከር በእምቢልታ ድምፅ ይመልሳል። ድምፁ ደስ ይል ነበር፤ ግን ጥቂት እንደነፋህ ምራቅ ይገባበትና ጉሮሮውን እንደታነቀ ሰው ያንቋርራል። ማይክ አመጣለሁ፣ ይሞታል፤ አመጣለሁ፣ ይሞታል። ፊኛውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የፊኛ ቁራጭ ወጥረን ማይኩ አፍ ላይ አሰርንበት፤ ትንፋሽ ይገፋዋል፣ ምራቅ አያልፈውም። በሕይወቴ የፈጠርኩት ነገር ይህ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በነፋን ቁጥር ከንፈራችን ጎማ ጎማ ይል ነበር።

እሱን ይዘን ቁሓ ሄድን። ኣቦይ በረንዳው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነፉት። አውሮፕላን በላያችን ሊያርፍ ሲወርድ ድምፁን ዋጠው፤ እስኪያልፍ ጠበቁና እንደገና ነፉ። ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ ዘንበል አድርገው ብዙ ቆዩ። ሙሽራዋ እህቱ ፔርሙስ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ «ሻይ ላምጣ?» ብላለች። ኣቦይ ቀና ብለው አዩንና፣

«ክንደይ ኢኹም?» አሉ። ስንት ናችሁ ማለት ነው።

ትግርኛዬን ላሳይ ቸኩዬ «ክልተ ኢና ኣቦይ!» አልኩ። ሁለት ነን።

«ክልተ» አሉ ቀስ ብለው። ዓይናቸው በተከፈተው በር አልፎ ግድግዳው ላይ ነበር። «ክልተ ይኣክል።» ሁለት ይበቃል።

ሻዩ በሁለት ብርጭቆ መጣልን። ጠጣንና ለሥራችን ወደ ከተማ ተመለስን።

ሦስተኛው ሳጥን የሁለቱን ሰዎች ድምፅ በየተራው እንዲመልስ ተደርጎ ተሠራ። እሳቸው የራሳቸውን እውነተኛ ቱቦ ይነፋሉ፣ ሳጥኑ ይመልሳል። ችግሩ፣ ሳጥኑ በራሱ ሰዓት ነበር የሚሄደው። ኣቦይ አየር ሲስቡ ጥሏቸው ይበራል። «እዚ ወዲ ህዉኽ እዩ» አሉ፤ ይህ ልጅ ችኩል ነው። «ማን አባረረው? ምሳ ሳይሰጡት ወጣ እንዴ?» ሙሽራዋ በሻሿ አፏን ይዛ ሳቀች። ጠጋኙ ብቻ ጆሮው ቀልቶ ሳጥኑን ይፈታ ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ አራተኛውን ጨረስን። ይህኛው አይቸኩልም። ኣቦይ ካልነፉ አይነፋም፤ ትንፋሻቸውን ሰምቶ ነው ተከትሎ የሚገባው። ቢዘገዩ ይዘገያል፣ ቢፈጥኑ ይፈጥናል። ጠጋኙ ኪዮስኩ ውስጥ ሲሞክረው «አሁን ትዕግሥት አስተማርኩት» አለኝ። ኩራቱን አይቼ እኔም ኮራሁ። አዲስ ባትሪ ድንጋይ ከነማሸጊያው ሰጠሁት፤ ከእኔ እጅ አዲስ ነገር በነፃ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

የሠርጉ ቀን ዳሱ ጢም ብሎ ነበር። የሸራው ጥላ አረንጓዴ ብርሃን ሁሉም ሰው ፊት ላይ ወድቋል። ኣቦይ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መሐል ተቀመጡ፤ ሳጥኑን በስተቀኛቸው አስቀመጥነው። ነፉ። ሳጥኑ መለሰ። ነፉ፤ መለሰ። ሰዉ እልል አለ፣ ስልኩን አወጣ፣ ሙሽራዋ አለቀሰች። ጠጋኙ ክንዴን ጨምድዶ ይዞኝ ነበር።

መሐል ላይ የኣቦይ ትንፋሽ አጠረ። እንደ ልማዳቸው ቱቦውን ከከንፈራቸው አነሱና ወደ ቀኝ ዞር አሉ። ድሮ እንዲህ ሲሆን ጓደኞቻቸው ይቀበሏቸው ነበር፤ አርፈው እስኪመለሱ ዜማውን ይዘውላቸው ይቆያሉ። ሳጥኑ ግን እሳቸው ካልነፉ እንዳይነፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። እሳቸው ሳጥኑን ጠበቁ። ሳጥኑ እሳቸውን ጠበቀ።

በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሸራው መርገብገብ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ኪቦርድ ተጫዋቹ ዘፈን ለቀቀና ሰዉ ተነሥቶ ጨፈረ። ብዙዎቹ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ። ኣቦይ ቱቦውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ልጃቸውን ራሱ ላይ ዳበሱት፤ «ጽቡቕ እዩ ወደይ» አሉት። ጥሩ ነው ልጄ። ጠጋኙ ሳጥኑን በጃኬቱ ሸፈነው፤ ሬሳ እንደሚሸፈን።

ዳሱ በፈረሰ ማግስት ዕቃችንን ልንወስድ ስንሄድ ኣቦይ የጓደኞቻቸውን ሁለት ቱቦዎች ከግድግዳው አወረዱ። አንዱን ለጠጋኙ፣ አንዱን ለእኔ። «ምጹ» አሉ፤ ኑ። መታሰቢያ መሰለኝ። ጉልበት ስሜ አመሰገንኩና «እንመጣለን ኣቦይ» አልኩ። ጠጋኙ ስለ አምስተኛው ሳጥን ነበር የሚያስበው፤ መንገዱን ሁሉ ስለ እሱ አወራኝ።

እኔ ሱቅ ከፈትኩ። ሱቅ ይዞ ቁሓ ሩቅ ነው፤ ታውቃለህ፣ ዛሬ ነገ ስትል። ከዚያ ክፉው ጊዜ መጣና ቁሓ በእውነትም ሩቅ ሆነ። ኣቦይ ማረፋቸውን የሰማሁት ተቋርጦ የነበረው ስልክ ሲከፈት ነው። ጠጋኙ ከዚያ በፊት ኪዮስኩን ቆልፎ «ቁልፉን ያዝልኝ» ብሎኝ ሄዷል። ቁልፉ እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ኪዮስኩ የለም።

አሁን ወደ ሴትየዋ።

«ያ ቱቦ የአባቴ ነው» አለች። ያን ጊዜ ነው ያወቅኋት፤ ሙሽራዋ ነበረች። ፊቷ ከስቷል፤ ሳቋ ግን ያው ነው። ወንበር አወጣሁላት። ስለ ወንድሟ ልጠይቅ አፌን ስከፍት የልጇን ስም ነገረችኝ፤ ዛሬ ልደቱ የሆነውን። የጠጋኙ ስም ነው። እዚህ የሕያው ዘመድ ስም ለልጅ አይወጣም፤ ጥያቄዬን ተውኩት።

ወሬ ለመለወጥ ብዬ፣ «ያቺን ሻይሽን አልረሳትም» አልኳት። «ኣቦይ ክንደይ ኢኹም ብለው ያስመጡልንን።»

ፊኛውን አገላበጠችና፣ «አባቴ እኮ ሻይ አላዘዙም» አለች። «ሻይ ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው የጠየቁት ሌላ ነው። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ቱቦዎቹን አውርደው ወለወሉ። ልጆቹ ሊነፉልኝ ነው አሉ። ከሠርጉም በኋላ ቢሆን ይመጣሉ ይሉ ነበር። የመኪና ድምፅ ሲሰሙ ከበረንዳው ይነሡ ነበር።»

ነጋዴ ነኝ፤ ሒሳብ ሥራዬ ነው። ሁለት ሰው ጎድሏቸው ነበር። ሁለት ነበርን።

ፊኛውን ሁሉ፣ ቀዩንም ቢጫውንም፣ ጠቅልዬ ሰጠኋት። አልተከራከረችም።

ከሄደች በኋላ ቱቦውን አወረድኩት። አቧራውን በእጅጌዬ ጠርጌ ነፋሁ፤ መጀመሪያ አየር ብቻ ወጣ፣ ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ ቻርጀሮቹን ያነቃነቀ። አንዴ ነፋሁና አቆምኩ። ቀጥሎ የሌሎቹ ተራ ነው።

ቻርጀር ሊገዛ የመጣ አንድ ጎልማሳ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ኖሯል። «ይሠራል?» አለኝ ቱቦውን እያሳየ።

«ብቻውን አይሠራም» አልኩት።