ደሴ ሲደርስ የዳነው ኮምፒውተር

ኮምቦልቻ ጌም ሲከፈትበት ድርግም የሚል ኮምፒውተር፣ ማንም ሳይነካው ደሴ ሲደርስ ሲድን አይቻለሁ። አታምኑኝም፣ አውቃለሁ።

እኔ በልምድ የምጠግን ነኝ፤ የኮምቦልቻው ኮምፒውተር ጠጋኝ ግን ዲፕሎማ አለው። ኮምፒውተሩን ልየው ብዬ ጌም ቤቱ ስሄድ፣ በሰው ሁሉ ፊት «አንተ ሬዲዮ ፍታ! የዚህ ችግሩ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራሙ ነው» ብሎ አሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ኮምቦልቻ ሥራ የሚሰጠኝ ጠፋ። እሱ ግን ድራይቨሩን አራቴ ጭኖም አልሆነለት።

የጌም ቤቱ ባለቤት ሲለምነኝ «ጠጋኙ ራሱ ተሸክሞ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ሱቄ ድረስ ያምጣው» አልኩ። አመጣው! በደሴ ብርድ ቀኑን ሙሉ ጌም ሲያጫውት ዋለ።

«ወላሂ፣ ምን አደረግከው?» አለ ጠጋኙ።

«ምንም። የጎዳው ሙቀት ነው፤ ለምን እንደሚሞቅ እዚያው አሳይሃለሁ።»

ኮምቦልቻ ወርደን ከፈትኩት። ከጎን ካለው የፍራሽ ሰፊ ሱቅ የገባ ጥጥ ማቀዝቀዣ ፋኑን አፍኖታል። የሳቁብኝ ሰዎች እያዩ ጥጡን ባለ ዲፕሎማውን በገዛ ጣቱ አስለቀምኩት። እንዴት ደስ አለኝ! ዋሸ ካላችሁ ሂዱና ፍራሽ ሰፊውን ጠይቁት።