እናቴ በማር የላሰችው ዱቄት

እናቴ ዘነበች መርካቶ ቅመም ስትሸጥ ነው ያረጀችው። ሕመሟም መጀመሪያ የታየኝ እዚያው ሱቋ ውስጥ ነው። አንዲት ደንበኛ ነጭ አዝሙድ ብትጠይቃት ጥቁር አዝሙድ ሰፈረችላት። ሴትየዋ ስትነግራት እፍኝ ዘግና አሸተተችና ግራ ተጋብታ ወደ እኔ ዞረች። ደክሟት ነው አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ከራጉኤል ስትመለስ የቤቷ መንገድ ጠፋባት፤ አንድ ጎረቤታችን መሳለሚያ ቆማ አግኝቶ አመጣልን።

ሐኪሙ መርምሮ አልዛይመር መሆኑን ነገረን። ጋላንታሚን የሚባል ክኒን ሲያዝላት፣ ለጊዜው ሊያግዛት እንደሚችል እንጂ እንደማያድናት አልደበቀንም።

ታናሽ ወንድሜ ተስፋዬ ይህን ሊቀበል አልቻለም። የባህል መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ጋ ሄዶ የተፈጨ ቅጠልና ሥር ይዞ መጣ። ምን ምን እንዳለበት ስጠይቀው አያውቅም፤ ሻጩም አልነገረውም። ዱቄቱ እናቴ አፍ እንዳይደርስ አልኩት። ተቀይሞኝ ይዞት ወጣ። መጣሉን ግን አላመንኩም። ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር ዓይኔ ከእጁ አይነሳም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ከሌለ ሰው ጋር ማውራት ጀመረች። ፊቷ ቀላ። አፏ ደረቀ። የዓይኗ ብሌን ሰፋ። ሽንት እምቢ አላት። ልደግፋት ስጠጋ ሌባ ብላ ገፈተረችኝ። ተስፋዬን ጠርቼ ወደ ሐኪሙ ይዘናት ሄድን።

ሐኪሙ ዓይኗን በባትሪ አየ። “ይሄ አልዛይመር ብቻ አይደለም። ሌላ የወሰዱት ነገር አለ?”

ተስፋዬን አየሁት። አቀርቅሯል። ሐኪሙ ደግሞ ጠየቀ።

“እህቴ ሳታየኝ ዱቄት በማር እየለወስኩ ሰጥቻታለሁ” አለ ተስፋዬ። “ትድናለች ብዬ ነው።”

ምልክቱ እንደ አስተናግር ያሉ ተክሎች የሚያመጡትን መመረዝ ይመስላል አለን ሐኪሙ፤ የዚያ ዓይነቱ ተክል የክኒኑንም ሥራ ያፈርሳል። ተስፋዬ ጋላንታሚንም ከአበባ የተገኘ መሆኑን ሰምቶ ኖሮ ልዩነቱን ጠየቀ።

“እውነት ነው፣ ከአበባ ነው የተገኘው” አለ ሐኪሙ። “ግን ክኒኑ ውስጥ ምን፣ ምን ያህል እንዳለ አውቃለሁ። የዱቄቱን እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም።”

ሐኪም ቤት አስተኝተው ከተከታተሏት በኋላ ቅዠቱ ቀስ በቀስ ለቀቃት፤ ሽንቷ ተስተካከለ፣ እህል መቅመስ ጀመረች፣ አንድ ጠዋትም ፀጉሯን ሳበጥርላት ስሜን ጠርታ ቀስ በይ አለችኝ። መርሳቱ አልቀረም። ዛሬም አንዳንዴ እህቷ እመስላታለሁ፤ ግን አትፈራኝም።

ዓይኗን አይቶ ዝም ያላለውን ሐኪም አመሰግናለሁ። ተስፋዬንም አመሰግናለሁ፤ ያን ቀን ዝም ቢል ኖሮ እናቴን እናጣት ነበር። እናንተም እንደኔ በሽተኛ የምታስታምሙ ከሆነ፣ ሻጩ ምንነቱን የማይነግራችሁን መድኃኒት ተጠራጠሩ፤ የሰጣችሁትንም ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ። መድኃኒት ይዞ የመጣውን ዘመድ ግን አታሸማቅቁት። ያፈረ ሰው ይደብቃል፤ እኛ ቤት የሆነውም ይኸው ነው።