ቀስ ብዬ የተኮስኳቸው ጥይቶች

አርብ ንጋት፣ ኮምቦልቻ

ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ፎጣቸውን ተከናንበው ወደየቤታቸው ሲበታተኑ እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ቦርሳው ውስጥ ለሚዜነት ያሰፋሁት ሱፍ አለ። የሥራ ባልደረባዬ ኑሩ እሁድ ከኩታበር ወጣ ብሎ ባለው ቀዬው ያገባል፤ እኔ ደግሞ ወሎ ከመጣሁ ዓመት ያልሞላኝ የአዲስ አበባ ልጅ ብሆንም አንደኛ ሚዜው ነኝ።

ሚዜነቱ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ዒላማው ነው። በኑሩ ቀዬ ሰርግ ሲሆን የሙሽራው ሚዜዎችና የሙሽራዋ ወንድሞች ቅል ሰቅለው በጠመንጃ ይወዳደራሉ፤ አንዴ ቆሞ፣ አንዴ ተንበርክኮ፣ አንዴ ተኝቶ። እኔ በዕድሜዬ ጠመንጃ የነካሁት ፎቶ ለመነሳት ብቻ ነው። ኑሩ ሲጠይቀኝ "አልችልም" ማለት ሲገባኝ "ችግር የለም" አልኩት። ጉራ ነዋ።

ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ እያቃሰተ ይወጣል። ከታች ኮምቦልቻ ጭስና ቆርቆሮ ሆና ቀረች። ሾፌሩ የት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ ሰርግ እንደሆነና ዒላማ እንደምወዳደር ነገርኩት። ተኩሼ እንደማላውቅ ግን አላነሳሁም። በመስታወቱ አየኝና "ማሻአላህ" አለ። ደስ አለኝ።

አርብ ረፋድ፣ ደሴ

ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ፒያሳን ሸፍኖታል። ጎዳናው ላይ ባጃጅ፣ የተነባበረ የድንች ጆንያ፣ ካፖርት የደረቡ ሽማግሌዎች። ፉል በትኩስ ዳቦ በላሁና ኑሩ ወዳዘጋጀልኝ አስተማሪ ሄድኩ። ጋሼ ታደሰ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ የመወልወያ እንጨት አስያዙኝና ሲያስነሱኝ፣ ሲያንበረከኩኝ፣ ሲያስተኙኝ አረፈዱ። ጎረቤቶቻቸው በአጥር በኩል ይስቁብኝ ነበር።

ስሰናበታቸው የሰጡኝ ምክር አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ።

"ቃታውን አትጎትተው፣ ጭመቀው። አንዱን ከተኮስክ በኋላ ልብህ እስኪረጋ ቆይ። ቀስ፣ ቀስ።"

ከሰዓት በቦሩ ሜዳ በኩል ወደ ኩታበር የሚሄድ መኪና አገኘሁ። መንገዱን ሁሉ ትንፋሼን እየያዝኩ ስለቅ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ታምሜ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የኑሩ ቀዬ

የኑሩ አባት ሼህ ይመር ክረምቱን ሙሉ ተኝተው ነው የከረሙት። ሰርጉ የተጣደፈውም እሳቸው እያሉ እንዲደርስ ነው። አርብ ማታ ገብቼ እጃቸውን ስስም እንደ ቅጠል ቀለለኝ። በዚያ አቅማቸው መረቁኝ።

ጠዋት ኑሩ ድንኳን ሊያመጣ ወጣ። አጎቱ እንድሪስ ፈቃድ ያለው ጠመንጃውን አሳየኝና ወፍጮ ቤት ደርሶ እስኪመለስ እንድጠብቀው ነገረኝ። መጠበቅ ነበረብኝ። ግን ዒላማ ስስት የሚያየኝ ሰው እንዲኖር አልፈለግኩም። ጠመንጃውን አንስቼ ከቤቱ በታች ወዳለው ሜዳ ወረድኩና ገደሉ ሥር አንድ ቅል አስቀመጥኩ።

ቆሜ ተኮስኩ። ሳትኩ። ልቤ እስኪረጋ ቆየሁ። ተንበርክኬ ተኮስኩ፣ ሳትኩ። አሁንም ቆየሁ። ተኝቼ ቃታውን ጨመቅኩት፤ ቅሉ ብትንትኑ ወጣ። ሣሩ ላይ እንደተዘረርኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ምነው አንድ ሰው ባየኝ አልኩ።

ያየኝ የለም፤ የሰማኝ ግን ቀዬው በሙሉ ነው። እዚያ አገር የሰርግ ጥይት ተከታትሎ ነው የሚንጣጣው፣ ከእልልታ ጋር። እየቆየ፣ አንድ አንድ እየተባለ፣ ያለ እልልታ የሚተኮስ ጥይት መርዶ ነው። ይህን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

መጀመሪያ ከማዶው ጉብታ የሴቶች ለቅሶ ሰማሁ። ቀጥሎ የቀብር ማኅበራቸው፣ እነሱ ቅሬ የሚሉት፣ ወንዶች አካፋና ዶማ ተሸክመው ሲወርዱ አየሁ። ሁሉም የሚያመሩት ወደ ሼህ ይመር ቤት ነው። ሮጬ ስደርስ ሼህ ይመር ራሳቸው ጥምጣማቸውን አስረው፣ ከዘራቸውን ይዘው በራፉ ላይ ቆመዋል። ጥይቱን ሰምተው፣ የሞተውን ሰው ሊቀብሩ ከአልጋ መነሳታቸው ነው።

"ማን ሞተ?" አሉ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ወንዶቹ አካፋቸውን ወደ ኋላቸው ለመደበቅ ሞከሩ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን ደፍተው፣

"እርስዎ ነዎት ብለን ነው፣ ሼህ ይመር" አሏቸው።

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔንና ጠመንጃውን አየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሼህ ይመር ከላይ እስከ ታች ቃኙኝና ለቀብር የመጣው ሰው ምሳ ሳይበላ እንዳይሄድ አዘዙ። አካፋና ዶማው ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

ያ አልበቃ ብሎ፣ ስልክ የሚሉት ነገር አለ። አንዱ ቸኩሎ ኮምቦልቻ ደውሎ ኖሯል። እኩለ ቀን ላይ ኮምቦልቻ ፋብሪካው ውስጥ የምትሠራው የኑሩ እህት ዘሃራ በኮንትራት ባጃጅ መጣች። የፋብሪካውን ጋዋን እንኳ አላወለቀችም። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን አካፋ ስታይ አጥሩ በር ላይ ተቀመጠች፤ ወደ ውስጥ አልገባም አለች። ሰው "ደህና ናቸው" ቢላት አላመነችም። አባቷ በከዘራ እየተንፏቀቁ ወጥተው እጃቸውን ራሷ ላይ ሲያደርጉ ነው ቀና ያለችው። እኔ ከጎተራው ጀርባ ቆሜ አየሁ። መቅረብ አልቻልኩም።

ወደ ማታ እንጀራ አቀረበችልኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት።

"ከኮምቦልቻ እዚህ ድረስ አባቴን ቀብሬ ነው የመጣሁት፣ ወንድምዓለም" አለችኝ። በቁጣ አልነበረም።

እሁድ፣ ሰርጉ

በማለዳ ሱፌን አጣጥፌ ወደ ሼህ ይመር ገባሁ። ከሚዜነቱም ከዒላማውም ልውጣ አልኳቸው። ይህን ሁሉ ሰው አስለቅሼ በየትኛው ፊቴ እቆማለሁ?

"አብሽር" አሉኝ፤ አይዞህ ማለታቸው ነው። "ትተኩሳለህ። ሴቶቹን ግን እኔ አዛቸዋለሁ።"

ምን ብለው እንዳዘዟቸው የገባኝ ሜዳው ላይ ነው። ቅሉ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል፣ የሙሽራዋ ወንድሞች ተራቸውን ጨርሰዋል፣ ሼህ ይመር ጋቢ ለብሰው በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቆሜ ተኮስኩ፣ ሳትኩ። ሴቶቹ በእልልታ ቀዬውን አናጉት። ተንበርክኬ ሳትኩ፣ እልልታው ባሰ። ተኝቼ የተኮስኩትም ጥይት ገደሉን መታ። እንዲያ የተጨበጨበለት ዒላማ የሳተ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሼህ ይመርም በእያንዳንዱ ጥይት ከዘራቸውን ወደ ማዶው ጉብታ ያወዛውዛሉ፤ አለሁ ለማለት። ከሴቶቹ ሁሉ ድምፅ የረዘመው የዘሃራ ነበር።

ሰኞ፣ መልስ

ከዘሃራ ጋር በአንድ ሚኒባስ ተመለስን። ሐረጎን ስንወርድ ስልኳን አወጣችና አባቷ ዘንድ ደወለች።

"ጉዳይ የለኝም አባባ። ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው።"

ትንሽ አዳመጠችና ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። ሼህ ይመር መጀመሪያ ሳላቸውን ሳሉ።

"ስትደርስ ንገረን" አሉኝ። "ደውል ነው ያልኩህ። እንዳትተኩስ።"

ዘሃራ ሰምታ ኖሮ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። ፊቴ እሳት ሆነ። ኮምቦልቻ እንደገባሁ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ደወልኩ።