የአግነስ ፊት

የአኳራጅን፣ የዚያን የቀለም ማቅጠኛ፣ ሽታ ዛሬም አልረሳውም። ትናንት እዚሁ ሶዶ፣ ከቤቴ በታች ያለው ጋራዥ ውስጥ ባጃጅ ቀለም ሲቀቡ ሽታው በመስኮት ገባና የያዝኩትን ሥራ ትቼ ቁጭ አልኩ። ምን ልበልሽ፣ አባቴ የመጣ ነው የመሰለኝ።

አባቴ በገጠሯ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን ልጆችን ትምህርተ ክርስቶስ ያስተምር ነበር። ከውጭ የመጡት የቅዱሳን ሥዕሎች ፊታቸው ነጭ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ ስለሆነ ትንንሾቹ ይፈሯቸዋል። እሱ ታዲያ ኮምፔንሳቶ ቆርጦ፣ የተራረፈ የበርና የመስኮት ቀለም በአኳራጅ እያቀጠነ፣ የሰፈሩን ልጆች በርጩማ ላይ እያስቀመጠ ቅዱሳኑን በእነሱ መልክ መሳል ጀመረ። የጎረቤታችን ልጅ ቅዱስ አንጦንዮስ ሆነ። ታላቅ እህቴ ግልገል አቅፋ ቅድስት አግነስ ሆነች። "አትነቃነቂ፣ ቅድስት እኮ ነሽ!" ሲላት ግልገሉ ሸናባት፤ የዚያን ቀን የሳቅነው ሳቅ!

በዓመቱ ሁምቦ አክስታችን ዘንድ ከርማ ወባ ይዟት መጣች። አልተረፈችም። ፎቶ የሚባል ተነስታ አታውቅም፤ የቀረን ቤታችን ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ያ ሥዕል ብቻ ነበር።

እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር የፕሮቴስታንቶቹ መዘምራን ልምምድ መሄድ ጀምሬያለሁ፤ ድምፄን ወደዱልኝ፣ እኔም እነሱን ወደድኳቸው። ከመካከላችን ትልቋ ልጅ አንድ ቀን፣ "ለሥዕል የተንበረከከ ገሃነም ነው የሚገባው" አለች። በሳምንቱ ጠዋት ውሃ ቀድቼ ስመለስ እናቴ አግነስ ፊት ተንበርክካ፣ በወላይትኛ እያወራች ታለቅሳለች። እህቴን ቀብሬያለሁ፣ እናቴን ደግሞ ለእሳት አልሰጥም አልኩ።

ገበያ ስትወጣ ጠብቄ ጨርቅ አኳራጅ ውስጥ ነክሬ የሥዕሉን ፊት ፈተግኩት። እምቢ ያለውን በቢላዋ ፋቅኩት። "ጌታ ሆይ ተመስገን" እያልኩ ነበር እኮ የምፍቀው! እጄን በቆረጠው።

እናቴ ተመልሳ ስታይ የያዘችውን ቅርጫት ለቀቀችው።

"አግነስን የማናግር መሰለሽ? ልጄን ነው እኮ! የጓሮው ቦዬ ለመቆፈር ደርሷል፣ ላሟ ወለደች እያልኩ ነው የምነግራት። ምን አደረግሽኝ?"

አባቴ አልመታኝም። ምነው በመታኝ! በማግስቱ ሌላ ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ተቀመጠ። የፊቷን ዙሪያ አወጣና ብሩሹ ቆመ። "ቅንድቧ እንዴት ነበር?" አለን። እኔ ወፍራም ነው አልኩ፣ እናቴ ቀጭን ነው አለች፤ ቆይታ ደግሞ "እንጃ" አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከሞተች ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት ከሦስታችንም ዓይን እየጠፋች ነበር።

አባቴ ፊት ለፊቱ ያልተቀመጠን ሰው መሳል አይሆንለትም። "እህትማማች አይደላችሁ፣ ነይ እስቲ ተቀመጪ" አለኝ። ሦስት ቀን ተቀመጥኩለት። እህቴን ለመምሰል ያላደረግኩት የለም፤ አንገቴን እንደሷ ዘንበል አደረግኩ፣ እንደሷ ፈገግ ለማለት ሞከርኩ፣ እንባዬ አስቸገረኝ እንጂ።

ቀለሙ ሲደርቅ እናቴን ጠራት። መጥታ ቆመች፤ ብዙ አየችው።

"ይቺስ አንቺ ነሽ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ላለማስቀየም። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። ሥዕሉ ተሰቀለ፤ እስክትሞት ድረስ ግን እዚያ ግድግዳ ፊት ስታወራ አልሰማኋትም።