ኡሙልኸይርና የምሳው ሳይረን

በመጀመሪያ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው፤ እኔ ምን አውቄ ነው የምጽፈው? መምህራችን ዘካሪያስ «የምታውቁትን ሰው ጻፉ» ስላሉን ነው እንጂ በድፍረት አይደለም። ዳሲቱ እባላለሁ። አቃቂ በሰቃ፣ ኡሙልኸይር የምትተይብበትን ሱቅ አጸዳለሁ።

ኡሙልኸይር የስልጤ ልጅ ናት። የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ይግባኝ በኮምፒውተር ትጽፋለች። ስትጨርስ ለባለጉዳዩ ጮክ ብላ ታነብለታለች። «እንዲህ ነው ያሉት?» ትላለች። ራሱን ካልነቀነቀ አታትምም። እጇ ፈጣን ነው። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራት።

ደግሞ ምክንያት አላት። አምና ኮምፒውተሩ ማሻሻያ ጭኖ «ጠፍቼ ልነሳ» ሲላት እሺ አለችው። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ስምንት ቀን አልነሳም አለ። የፈርዶሳ የሥራ ማመልከቻ እዚያው ውስጥ እንዳለ የማስገቢያው ቀን አለፈ። ፈርዶሳ ጎረቤታችን ናት፤ ምንም አልተናገረቻትም። ኡሙ ግን ፈርዶሳ በበር ስታልፍ አቀርቅራ ነው የምትተይበው። ከዚያ ወዲህ «ጠፍቼ ልነሳ» የምትለው ትንሽ ሳጥን ስክሪኑ ላይ ብቅ ባለች ቁጥር «በኋላ» የሚለውን ትጫናለች።

ግንቦት ላይ ፕሪንተሩ ተበላሸና አዲስ መጣ። ፕሮግራሙን ስትጭነው፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ካልበራ አላትምም አለ። ጠፍቶ ሲበራ ደግሞ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ማሻሻያ አብሮ ሊጫን ነው። በዚያው ጠዋት አባባ ያደታ መጡ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ቤት ልቀቁ ተብለዋል። ይግባኙ ተጽፎ አልቋል፤ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ነገ ነው።

«ሌላ ቤት ወስደሽ አሳትሚዋ» አሏት።

«አባባ፣ የኔ ፊደል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ማንም አያነበውም።»

«እንግዲያው አጥፍተሽ አብሪዋ!»

«መብራት ቢሄድስ?»

«ባይሄድስ? አንቺ ልጅ፣ ይሄ ማሽን እኮ ከሙሽራ ባሰ! ስንቴ ነው የሚለመነው?»

ኡሙ አልሳቀችም። ጣቷ ማውሱ ላይ ቀርቷል።

እኔ መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ። የማውቀው ነገር ነበር። ከጀርባችን የብረት ማቅለጫ አለ። ምድጃው ሲነሳ የኛ አምፖል ይደበዝዛል፤ መብራት የሚሄደውም ያን ጊዜ ነው። የማቅለጫው የስድስት ሰዓት የምሳ ሳይረን ከተነፋ በኋላ ግን፣ ሠራተኛው እስኪመለስ፣ ሄዶ አያውቅም። ሁለት ዓመት ስጠርግ አይቻለሁ። ግን ስለ ኮምፒውተር እኔን ማን ጠየቀኝ ብዬ መጥረግ ጀመርኩ። ደግሞ አባባ ያደታን ሳያቸው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሹታል።

«ስድስት ሰዓት ይሁን» አልኩ። የተናገርኩት ለመጥረጊያዬ ነው።

«ምን አልሽ እትዬ?»

እንደ ምንም ነገርኳት። አባባ ያደታ ጉልበታቸውን መቱ። «እውነቷን ነው! እኛም ፋብሪካ ሳለን ማሽናችን የሚቆመው እነሱ ምድጃ ሲያስነሱ ነበር። እኛ እዚህ ስንጨነቅ ለካ መጥረጊያዋ ታውቃለች!»

«መጥረጊያው አይደለም አባባ፣ የያዘችው ሰው ናት» አለች ኡሙ።

ጽሑፉን ፍላሽ ላይ ገለበጠች። ሳይረኑ ሲነፋ «ቢስሚላህ» ብላ ተጫነችው። ስክሪኑ ጨለመ። ከዚያ ወደ መቶ የሚሄድ ቁጥር መጣ፤ ቁጥር አነባለሁ። አሥራ ሁለት። ሠላሳ። ሠላሳ አምስት ላይ ቆመ፤ በጣም ቆየ። እኔ አምፖሉን እንጂ ኮምፒውተሩን አላይም። አምፖሉ አልደበዘዘም። ኡሙ ክንዴን ይዛለች፤ መቼ እንደያዘችኝ አላውቅም። የመመለሻው ሳይረን ሳይነፋ ኮምፒውተሩ በራ።

ከመታተሙ በፊት ሁሉንም አነበበችላቸው። አባባ ያደታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱ ሲወጣ ሙቅ ነበር።

በማግስቱ አባባ ያደታ ይግባኛቸውን ይዘው ገና በጠዋት ሄዱ። ኡሙ ሱቁን ከፍታ ተቀመጠች። ፈርዶሳ በበር ስታልፍ እኔ አየኋትና አሁን ታቀረቅራለች ብዬ ጠበቅኩ። ኡሙ ግን ብድግ አለች። በሩ ላይ ወጥታ፣

«ፈርዶሳ! ነይ እስቲ፣ ግቢ» አለቻት። «ያንን ማመልከቻ ለሌላ ሥራ እንደገና እንጻፈው።»

ወንበር ሳበችላት።