የአዳዳ ድስት

የእናቴ ድስት የተሰበረው በቀብሯ ማግስት ነው። ጎባ ያለው ቤታችን በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ ጓሮ ውስጥ ሴቶች ዕቃ እያጠቡ ሳለ፣ አንዷ ከእሳት የወረደውን ሸክላ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠችው። ጧ ብሎ ሁለት ሆነ። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁም። እናቱን ቀብሮ ስለ ድስት የሚጨቃጨቅ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። ስብርባሪውን ከአመዱ ጋር አውጥተው ጣሉት፤ እኔም ረሳሁት።

ሲያዩት የሚያስደንቅ ድስት አልነበረም። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ በጭስ ብዛት የጠቆረ፣ ባለ ሁለት ጆሮ የሸክላ ድስት ነው። አንደኛው ጆሮው ላይ አረንጓዴ እራፊ ጨርቅ ተቋጥሮበት ነበር፤ ትኩሱን ለማንሳት እንዲመች ይመስለኝ ነበር። ልዩ የሚያደርገው ሥጋ ገብቶበት አለማወቁ ነው። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ አጥር የሚጋሩን ጎረቤታችን ደግሞ ሙስሊም ነበሩ። በእኛ አገር ክርስቲያኑ የሙስሊም ቤት ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን ቤት ሥጋ አይበላም። ሸክላ ደግሞ ቅባቱንም ሽታውንም ውስጡ ያስቀራል፤ ቢፈትጉት አይለቅም። ስለዚህ እናቴ ለጎረቤቷ ብላ አንድ ድስት ለየች። ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ጎመን ይሠራበታል፤ ሌላ ምንም አይገባበትም። ዶሮ በሚሠራበት ቀን ያ ድስት ከጓዳ አይወጣም ነበር።

ጎረቤታችንን አዳዳ እንላቸዋለን። በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። አባቴ እህት አልነበረውም፤ ቦታው ክፍት ስለነበር እሳቸው ያዙት። አዳዳ ሲመጡ እናቴ ድስቱን እንዳለ፣ ከነክዳኑ አምጥታ ፊታቸው ታስቀምጠዋለች። አዳዳ የድስቱን ጆሮ በእጃቸው ነካ ያደርጉና "ቢስሚላህ" ብለው ይቀርባሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ክዳኑ የሚከፈተው። ልጅ ሳለሁ ለሽሮ ይህን ያህል ሥነ ሥርዓት ያስቀኝ ነበር። እናቴ ግን አትስቅም፤ እኔንም በዓይኗ ትቆጣኝ ነበር።

በኋላ የአዳዳ ዓይን ደከመና ጊኒር ያለችው ልጃቸው ወሰደቻቸው። እናቴ ስትሞት እሳቸውም ታመው ተኝተው ስለነበር ለቅሶ አልደረሱም። ይህ ነገር ሌት ተቀን ሲያንገበግባቸው እንደከረመ ልጃቸው በስልክ ነገረችኝ። "ለሙት ዓመቱ ግን ተሸክማችሁኝም ቢሆን እሄዳለሁ ብላለች" አለችኝ።

ድስቱ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ወንድሜ የነገሩን ቁም ነገር ሊያይልኝ አልቻለም። "አዲስ ብረት ድስት ገዝተን ለብቻቸው እንሠራላቸዋለን፤ በቃ!" አለ። ልክ ነው፤ አዲስ ብረት ድስትም ንጹሕ ነው። እኔ ግን ሲበዛ ግትር ነኝ፤ ይህን ባሌም ተማሪዎቼም ያውቁታል። አዳዳ በእናቴ ቤት ሳይበሉ የወጡበትን አንድ ቀን አላስታውስም። እናቴ የሌለችበት ቀን የመጀመሪያው እንዲሆን አልፈለግሁም። ቤቱ ሰው ቢጎድለውም ለእሳቸው ያው ቤት እንደሆነ እንዲያውቁት ፈለግሁ። ለዚህ ደግሞ ያው ድስት ያስፈልገኛል።

የምኖረውም የማስተምረውም ሮቤ ስለሆነ ፍለጋውን ከዚያው ጀመርኩ። ከክፍል ስወጣ ገበያ እገባለሁ። የፕላስቲክ ሳፋና የሚያብረቀርቅ ብረት ድስት ተራራ ተሠርቷል፤ ሸክላ ግን አንድ ጥግ ላይ ትንሽዬ ቦታ ተሰጥቶታል። ያለውም ጀበናና ሆቴሎች ሽሮ የሚያቀርቡበት ትንንሽ ድስት ነው።

"ለሆቴል ነው?" አለችኝ ሻጯ።

"ለቤት ነው። ትልቅ፣ ባለ ሁለት ጆሮ።"

"ለቤት!" ብላ ከጎኗ ካለችው ጋር ተያይተው ሳቁ። "እትዬ፣ ዛሬ ለቤት ሸክላ ማን ይገዛል? ጋዝ ላይ ልትጥጂው ነው?"

አንዱ ባለሱቅ ደግሞ ጥቁር መጥበሻ መሳይ ድስት ይዞ ከኋላዬ መጣ። "ይሄ እኮ አይዝም፤ እንቁላል ብትጠብሺበት እንኳ ምንም አይዝም!" እያለ ማለልኝ። የሚይዝ ነው የምፈልገው ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። ሰውዬው እስካሁን ሳይገርመው አይቀርም።

ቅዳሜና እሁድን ይህንኑ ሥራዬ ብዬ ያዝኩት። ከሌላ ክልል የመጣች ባልደረባዬ ከአገሯ ላስመጣልሽ አለችኝ፤ ግን በአውቶቡስ ተጭኖ ደህና የሚደርስ ሸክላ አይቼ አላውቅምና እምቢ አልኳት። የሙት ዓመቱ ቀን ሲቃረብ ተስፋ እየቆረጥኩ ሳለ ጎባ ገበያ አገኘሁት። ሰነቴ ተራራ ላይ ያደረው ጉም ከተማው ላይ ወርዶ ሰው ፊት ለፊት አይተያይም። አንዲት ሴትዮ ጭድ ላይ ከደረደረቻቸው መካከል፣ ከኋላ፣ እሱ ራሱ ተቀምጧል። ያው ሰፊ ሆድ፣ ያው ጠበብ ያለ አፍ፣ ያው ሁለት ጆሮ። ሴትዮዋ ደህና መሆኑን ልታሳየኝ በጣቷ አንኳኳችው። ምን መስማት እንዳለብኝ ባላውቅም እኔም አንኳኳሁት። ዋጋ ሳልከራከር ገዛሁት፤ ይህም በሕይወቴ የመጀመሪያ ነው።

ወደ ሮቤ ስመለስ በነጠላዬ ጠቅልዬ ሚኒባሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ አየት አድርጎኝ "እናት፣ ሕፃኗን ልያዝልሽ?" ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከልቤ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

አዲስ ሸክላ ሳያሟሹት ወጥ አይሠራበትም፤ ይሰነጠቃል፣ ጭቃ ጭቃም ይላል። የጎመን ዘር ወቅጬ ውስጡንም ውጪውንም እየቀባሁ፣ ለዘብ ያለ ፍም ላይ አድርጌ በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ እጠብቅ ነበር። ባሌ በጭስ አለቅን ብሎ መስኮት ሲከፍት፣ ብርዱ ሲገባ መልሶ ሲዘጋ ሰነበተ። ድስቱ ግን ቀስ በቀስ ጠቆረ፤ የእናቴን መሰለ። አጠገቤ አስቀምጬ ሳየው የጎደለው ነገር አልታየኝም። እንዲያውም ለራሴ አጨበጨብኩ።

የሙት ዓመቱ ቀን ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ጎባ ያለው ግቢያችን በድንኳንና በሰው ተሞላ። ከእድሩ የመጡት ትልልቅ ብረት ድስቶች ጓሮ ተጥደው የሥጋ ወጡ ሽታ መንገድ ድረስ ይሄዳል። እኔ ሽሮዬን ጓዳ ውስጥ ለብቻዬ ሠርቼ በሩን ቆለፍኩና ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። የወንድሜ ሚስት "ሽሮ ነው ወይስ ወርቅ ነው የቆለፍሽው?" ብላ ተቀየመችኝ። ትቀየም አልኩ። አንዲት ማማሰያ ተሳስታ ብትገባበት ልፋቴ ሁሉ ገደል መግባቱ ነው።

አዳዳ ልጃቸውን ተደግፈው ገቡ። የቀድሞው ቁመታቸው የለም፤ ዓይናቸው ጭጋግ ለብሷል። ሁልጊዜ የሚቀመጡባት መደብ ላይ አስቀመጥናቸው።

"አካም ጅርቱ አዳዳ" ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

"ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። አልሐምዱሊላህ።" ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። "የእሷ ጉንጭ ነው" አሉና አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

ትንሽ እንደተረጋጋን ድስቱን እንዳለ፣ ከነክዳኑ፣ እንደ እናቴ አድርጌ አመጣሁና ፊታቸው አስቀመጥኩት። "አዳዳ፣ ድስትዎ መጥቷል" አልኳቸው። እጃቸውን ዘረጉ። ሆዱን ዳሰሱት፤ ፈገግ አሉ። በደስታ ልሞት ምንም አልቀረኝም። ከዚያ የቀኙን ጆሮ ነኩ። ቀጥለው የግራውን። ተመልሰው ወደ ቀኙ ሄዱ፤ ጣቶቻቸው እዚያው ላይ ቆዩ፣ የጠፋ ቁልፍ ልብሱ ላይ እንደሚፈልግ ሰው ዙሪያውን አሹት። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡና ጭናቸው ላይ አኖሩት።

"ውይ፣ ኢንተላ ኮ፣ ዛሬ ጾመኛ ነኝ እኮ" አሉ። "ረመዳን ታምሜ ያልጾምኩት አለ፤ ቀዷውን እያወጣሁ ነው።"

"አንድ ጉርሻ እንኳ፣ አዳዳ?"

"አላህ ይስጥሽ። እንደበላሁ ቁጠሪልኝ።"

ጾም ከያዘ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? ውኃም አልጠጡም። ልጃቸውም "እናቴ ሳትበላ አልበላም" አለች። አዳዳ እጃቸውን ዘርግተው ለእናቴ ረጅም ዱዓ አደረጉና ተነሡ፤ ማታ ሮቤ ዘመድ ጋ አድረው በማግስቱ ወደ ጊኒር ይመለሳሉ። ሸኝቼ ስመለስ ሽሮው ከነድስቱ ቀዝቅዟል። ከፋኝ፤ ግን በጾሙ እንጂ በሰው አልከፋኝም። ቀኑ አልገጠመም አልኩ።

በማግስቱ በሰላም መግባታቸውን ልጠይቅ ደወልኩ። ልጃቸው አነሳች።

"በሰላም ገባን። ትናንትማ ሮቤ እንደደረስን ምሳ ቀርቦልን፣ እናቴ ርቧት ኖሮ እንዴት እንደበላች! ያን ያህል ስትበላ ካየኋት ቆይቻለሁ..." አለችና ወሬዋን ድንገት አቋረጠችው። ምን እንዳወራች ሁለታችንም ገብቶናል።

"እትዬ፣ አትቀየሚያት" አለች። "መንገዱን ሙሉ ስትጠይቀኝ የነበረው ድስቱ ጆሮው ላይ ጨርቅ አለው ወይ እያለች ነው። የለውም አልኳት።"

"የምን ጨርቅ?"

"አረንጓዴው ነዋ! ከሷ ሻሽ እኮ ነው። በየዓመቱ ለዒድ አሮጌ ሻሿን ትቀድና እናትሽ ፊት ራሷ ታስረው ነበር። ጨርቁ ካለ ሥጋ አልነካውም ማለት ነው። አንድ ቀን በስህተት ቢነካው እናትሽ ጨርቁን ፈትታ ታስቀምጠዋለች፤ እናቴም ምንም ሳትጠይቅ ጾመኛ ነኝ ትላለች። እንደዚያ ነበር የተግባቡት። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ደግሞ በእጇ ብቻ ነው የምታውቀው።"

ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ሰፊውን ሆድ አስታውሻለሁ፣ የአፉን ጥበት አስታውሻለሁ፣ ጥቁረቱን ሳይቀር በጭስ አምጥቼዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው የኖርኩትን እራፊ ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። እናቴም አልነገረችኝም፤ መነገር ያለበት ነገርም አልመሰላትም ይሆናል። አዳዳ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ግቢው በሥጋ ሽታ ታጥኖ፣ ጆሮው ባዶ የሆነ ድስት ዳሰሱ። በሐዘን ቤት "ሥጋ ገብቶበታል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ሆነባቸው። ለእናቴ ክብር ሲሉ እየራባቸው ጾመኛ ሆኑ።

"ገብቶበት ነበር እንዴ?" አለች ልጃቸው ቀስ ብላ።

"አልገባበትም።"

"ውይ!" አለች። "እና ልንገራት?"

ምን ልበላት? ካልነገረቻቸው የእናቴ ቤት ከእናቴ ጋር አብሮ እንደተቀበረ እያሰቡ ይኖራሉ። ከነገረቻቸው ንጹሑን ምግብ ሳይቀምሱ መውጣታቸው ሌላ እሳት ይሆንባቸዋል። ያን ቀን ቆይ አልኳት። ሰንብቼ ግን አልቻልኩም፤ ደውዬ ራሳቸውን አቅርቢልኝ አልኳት።

"አዳዳ፣ ድስቱ ንጹሕ ነበር" አልኳቸው። "ለእርስዎ ብዬ ነው የገዛሁት። ጨርቁን አላውቅም ነበር። ከሻሽዎ ትንሽ ቀደው ይላኩልኝ፤ አስረዋለሁ።"

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ያዝኩት።

"ልጠይቅሽ ሲገባኝ አፈርኩ" አሉ። "እናትሽን ጠይቄያት አላውቅምና አንቺን እንዴት እንደምጠይቅ አላወቅሁበትም።" ትንፋሻቸው ይሰማኛል። "አሁን እንግዲህ ለማን ብለሽ ታስሪዋለሽ፣ ኢንተላ ኮ? እኔ እንደሆንኩ ከእንግዲህ ጎባን አልረግጥም። እግሬም እምቢ ብሏል።"

እኔ እመጣለሁ፣ ጊኒር ድረስ ይዤልዎ እመጣለሁ አልኩ። "ኢንሻአላህ" አሉ፤ ሰው የማይሆን ነገር ቃል ሲገባልን በምንለው ድምፅ። በዚያው ክረምት ልጃቸው ደወለችልኝ። ስልኩ ላይ ስሟን ሳየው አዳዳ እንዳረፉ ገብቶኛል።

ድስቱ ሮቤ፣ ኩሽናዬ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ነው። ባለፈው ሰሞን ልጄ ቅቅል ልትሠራበት አውርዳ ሥጋውን ልትጨምር ስትል ደረስኩባት። ከእጇ ነጠቅኳት።

"ሥጋ አይገባበትም!" ብዬ ጮህኩባት።

"ለምን?" አለች ደንግጣ።

አዳዳ ይበሉበታል ልላት ነበር። ድስቱን ወደ ቦታው መለስኩት።